ላባ ስትጥል እንቁላል አትጥልም

እንቁላል ጣይ ዶሮ በዓመት አንድ ጊዜ ገደማ አሮጌ ላባዋን አራግፋ በአዲስ ትተካለች። መርገፉ ከራስና ከአንገት ይጀምርና ወደ ደረትና ወደ ጀርባ ይወርዳል፤ ክንፍ ይከተላል፤ ጅራት መጨረሻ ነው። ላባው መውረድ ሲጀምር እንቁላሉ ይቀንሳል፤ ብዙም ሳይቆይ ጭራሽ ይቆማል። የዶሮዋ ሰውነት ሁለቱን ሥራ ባንድ ጊዜ አይችልም። ላባ ከሞላ ጎደል ፕሮቲን ነው፤ እንቁላልም ፕሮቲን ይወስዳል፣ ቅርፊቱ ብቻውን 2 ግራም ያህል ካልሲየም ይፈልጋል። ብርዱ ከመግባቱ በፊት ቅድሚያ የሚያገኘው ልብሷ ነው። በመጣል ላይ ባለች ዶሮ ሆድ ውስጥ ከ60 ግራም በላይ የሚመዝነው የእንቁላል ቧንቧ በዕረፍቱ ወቅት ሟሽሾ ጥቂት ግራም ብቻ ይሆናል። ዕረፍቱ ሲያበቃ እንደገና ያብባል፤ ከዚያ በኋላ የሚጣለውም እንቁላል ከዕረፍቱ በፊት ከነበረው ይልቅ ቅርፊቱ ጠንካራ ነው።

የቤት ዶሮ የዘር ግንድ የሆነችው የደቡብ ምሥራቅ እስያ ቀይ የዱር ዶሮ በዓመት ከ10 እስከ 15 እንቁላል ብትጥል ነው። የምትጥለው ልትፈለፍለው ስለሆነ ለእሷ ከዚያ በላይ ትርፍ የለውም። ከሰው ጋር መኖር ስትጀምር ቁጥሩ ከፍ አለ፤ ጠባዩ ግን ብዙ አልተለወጠም። በትግራይ መዝበር ከተባለው ጥንታዊ ሥፍራ የተገኙት የዶሮ አጥንቶች ከክርስቶስ ልደት በፊት 800 ዓመት አካባቢ የነበሩ ናቸው፤ በአፍሪካ ከታወቁት ሁሉ ቀደምት ከሚባሉት ይመደባሉ። የአገሩ ዝርያ የሆነችው የአበሻ ዶሮ ዛሬም ከ12 እስከ 15 ያህል እንቁላል ጥላ መታቀፍ ትፈልጋለች፤ ጫጩቶቿን አሳድጋ እንደገና ትጀምራለች። በዓመት የምትሰጠው ከ40 እስከ 60 እንቁላል ነው። የእሷ ትልቁ ዕረፍት ላባ መቀየሩ ሳይሆን መታቀፉ ነውና የገጠር ሴቶች የሚታገሉትም ከዚህ ጋር ነው። ጫጩት የማይፈለግበት ጊዜ ከሆነ ለመታቀፍ የተቀመጠችውን ዶሮ ለጥቂት ጊዜ ቁልቁል ይሰቅሏታል፣ ውኃ ውስጥ ይነክሯታል፣ ወይም ጎጆዋን እንድትረሳ ለሁለት ለሦስት ቀን ጎረቤት ይልኳታል። ዶሮን ከዕረፍቷ ለማስነሳት መሞከር የዘመናዊ እርባታ ፈጠራ አይደለም።

ላባ መቀየሩ ራሱን የቻለ የገንዘብ ጥያቄ የሆነው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) በዚያን ጊዜ የኒውዮርክና የቦስተን ሕዝብ በፍጥነት ይጨምር ነበር፤ እንቁላሉ የሚመጣው ግን ከገበሬው ጓሮ፣ የገበሬው ሚስት ለቡናና ለስኳር መግዣ ከምታረባቸው ጥቂት ዶሮዎች ነበር። እነዚያ ዶሮዎች በጸደይ ተሽቀዳድመው ይጥላሉ፣ ነሐሴ ሲጋመስ ላባቸው መርገፍ ይጀምራል፣ ቀኑ እስኪረዝምም ዝም ይላሉ። እንቁላል በሚያዝያ መውደቂያ ሲያጣ በታኅሣሥ እንደ ብርቅ ዕቃ ይታይ ነበር። የጸደዩን እንቁላል በኖራ ውኃ ወይም በሶዲየም ሲሊኬት ውስጥ ዘፍዝፎ ለብርዱ ወራት ማቆየት የተለመደ ነበር፤ በኋላም የማቀዝቀዣ መጋዘን መጣ። ገዢው ግን ትኩሱን ከቆየው ለይቶ ያውቃል፣ ለትኩሱም ከእጥፍ በላይ ሊከፍል ዝግጁ ነው። በብርድ ወራት የምትጥል ዶሮ ያለው ገበሬ ከጎረቤቶቹ ሁሉ ይልቅ ትርፋማ ነበር።

የመጀመሪያው ብልሃት ዕረፍቱን ማስቀረት ሳይሆን ቀድሞ ማምጣት ነበር። በቫን ድሬሰር ስም የታወቀው የኒውዮርክ ግዛት ዘዴ እንዲህ ይላል፦ በበጋው መጨረሻ የዶሮዎቹን መኖ ቀንስ፤ እንቁላል እስኪያቆሙና እስኪከሱ ጠብቅ፤ ከዚያ የሰባ መኖ አብዝተህ ስጣቸው፤ ላባቸው ባንድነት ይወርዳል፣ አዲሱም ብርዱ ሳይገባ ይበቅላል፣ ገበያው ሲወደድ መጣል ይጀምራሉ። ሐሳቡ ብልህ ነበር፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ብዙ ንትርክ ያስነሳው አሠራር ከዚህ ብዙም አይለይም። በጊዜው ግን ሥር አልሰደደም፤ የረሀቡና የድለባው ልክ ከእርሻ እርሻ ይለያይ ነበርና ውጤቱ አያስተማምንም።

በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የዶሮ እርባታን የሚያስተምረው ጄምስ ራይስ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር በ1908 ስለ ዶሮ ላባ መቀየር ያሳተመው ጥናት ነገሩን ገለበጠው። ጥናቱ እንዳሳየው ላባዋን ዘግይታ የምትጥለው ዶሮ ቀድማ ከምትጥለው የተሻለች ጣይ ናት። ይህ ለገበሬው ከባድ መርዶ ነበር። ገበሬው ለዘመናት በመስከረም ወደ ዶሮ ቤቱ ገብቶ የሚመርጠው በዓይኑ ነው። ላባዋ የሚያብረቀርቅ፣ የተስተካከለች፣ ዘለግ ያለች ዶሮ ካየ ያስቀራታል፤ ክንፏ የተሸራረፈ፣ ጅራቷ የተመለጠ፣ እግሯ የገረጣ ካየ ለሥጋ ይሸጣታል። ያቺ የምታምረው ዶሮ ግን አዲስ ላባዋን የለበሰችው ከሰኔ ጀምራ ሥራ ስለፈታች ነው። ያቺ የተጎሳቆለችው ደግሞ ዓመት ሙሉ ያገለገላትን ላባ እንደ ለበሰች ገና ትጥላለች። አርቢዎች በየዓመቱ ምርጥ ዶሯቸውን ሲያርዱና ሰነፏን ሲያስቀሩ ኖረዋል ማለት ነው።

ከዚህ በኋላ ላባ እንደ መዝገብ ይነበብ ጀመር። በተለይ ክንፉ። አስተማሪው ዶሮዋን በግራ እጁ አቅፎ ክንፏን ይዘረጋል። ከክንፉ ጫፍ ጀምሮ 10 ትላልቅ ላባዎች አሉ፤ ከነሱ ቀጥሎ፣ በክንፉ መሐል፣ አንዲት አጭር ላባ ጣልቃ ትገባለች። መርገፉ ከዚህች አጭር ላባ ጎን ካለው ይጀምርና አንድ በአንድ ወደ ጫፉ ይሄዳል። አሮጌው ላባ ጠርዙ የተበላና የደበዘዘ ነው፤ አዲሱ ንጹሕና ሰፊ ነው፤ በማደግ ላይ ያለው ደግሞ ሥሩ ገና ደም የያዘ፣ ለስላሳ ነው። አንድ ላባ ሙሉ ለመሆን 6 ሳምንት ያህል ይፈጅበታል። ሰነፏ ዶሮ በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ስለምትጥል 10ሩን ለመጨረስ ወደ ስድስት ወር ይወስድባታል። ጎበዟ ሦስቱን አራቱን ባንድ ላይ ትጥላለች፤ እንደ ተመለጠች ትሰነብትና በሁለት በሦስት ወር ጨርሳ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ስለዚህ ክንፍ የገለጠ ሰው ዶሮዋ መቼ ሥራ እንዳቆመችና መቼ እንደምትመለስ ሳምንት ቆጥሮ ሊናገር ይችላል።

በኮነቲከት የስቶርስ የምርምር ጣቢያ እነ አልበርት ብሌክስሊ በ1910ዎቹ ሌላ መዝገብ ጨመሩ፤ እሱም ቀለም ነው። እግራቸው ቢጫ የሆነ ዝርያዎች ቢጫውን የሚያገኙት ከበቆሎና ከለምለም ቅጠል ነው፤ መጣል ሲጀምሩ ቀለሙ ሁሉ ወደ አስኳል ይሄዳል። መጀመሪያ የእንቁላል መውጫው ዙሪያ ይገረጣል፣ ቀጥሎ የዓይን ዙሪያ፣ ከዚያ ምንቃር፣ በመጨረሻ ከወራት በኋላ እግር። ዕረፍት ሲመጣ ቀለሙ በዚያው ቅደም ተከተል ይመለሳል። በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ዘመን እህል ሲወደድ የመንግሥት የግብርና ባለሙያዎች በየመንደሩ እየዞሩ ይህን ለገበሬዎች አሳዩ፤ ሥራ ፈቷን ዶሮ ለይቶ ማውጣት መኖ መቆጠብ፣ መኖ መቆጠብም አገርን ማገዝ ተብሎ ተሰበከ።

ምልክት ማንበቡ ግምት ነው፤ ቁጥር የሰጠው ወጥመድ ያለው ጎጆ ነው። ዶሮዋ ለመጣል ስትገባ በሩ ከኋላዋ ይወርዳል፤ ሰው መጥቶ የእግሯን ቀለበት ቁጥር እስኪያነብና እንቁላሉን እስኪመዘግብላት ትጠብቃለች። የሜን ግዛት የምርምር ጣቢያ ከ1898 ጀምሮ በዚህ ተጠቅሞ ጎበዞቹን እየመረጠ ለብዙ ዓመት ቢያራባም የመንጋው አማካይ ፈቅ አላለም። ሬይመንድ ፐርል የተባለው የሥነ ሕይወት ሊቅ ምክንያቱን አገኘው፦ የእናቲቱን ቁጥር ብቻ ማየት አይበቃም፣ ልጆቿንም መመዝገብ ያስፈልጋል። በኦሪገን የግብርና ኮሌጅ ጄምስ ድራይደን በዚህ መንገድ ሄዶ ሌዲ ማክደፍ የተባለችውን ዶሮ አወጣ፤ በ1913 በተዘጋው ዓመቷ 303 እንቁላል በመጣል ከ300 በላይ የተመዘገበላት የመጀመሪያዋ ሆነች። በአንድ ዓመት 303 እንቁላል ማለት ለላባ የተረፈ ጊዜ የለም ማለት ነው። አርቢዎች ብዙ እንቁላል ሲመርጡ ሳያውቁት ዘግይታና ፈጥና የምትለብስ ዶሮም እየመረጡ ነበር።

በዚህ መሐል ሌላ መንገድ በብርሃን በኩል ተከፈተ። የቡፋሎ ከተማ ሐኪም የነበረው ዋልዶርፍ በ1889 የዶሮ ቤቱን በመብራት አብርቶ በብርዱ ወራት እንቁላል አግኝቷል። ብዙዎች ግን እንደ ቀልድ አዩት። ኤሌክትሪክ ወደ ገጠር ሲደርስ፣ ከ1910ዎቹና ከ1920ዎቹ ጀምሮ፣ ዘዴው ተስፋፋ፤ ማብራሪያው ግን ለረጅም ጊዜ የተሳሳተ ነበር። ዶሮዋ ብዙ የምትጥለው ቀኑ ስለረዘመ ብዙ ስለምትበላ ነው ይባል ነበር። ካናዳ ውስጥ ዊልያም ሮዋን በ1920ዎቹ በዱር ወፎች ላይ ባደረገው ሙከራ የመራቢያ አካላትን የሚቀሰቅሰው ራሱ የቀኑ ርዝመት መሆኑን አሳየ። ፈረንሳዊው ዣክ ቤኗ በ1930ዎቹ በዳክዬዎች ላይ አንድ እርምጃ አልፎ ሄደ፤ ብርሃኑ በዓይን በኩል ብቻ ሳይሆን የራስ ቅልን አልፎ በቀጥታ አንጎልን ይነካል። ዶሮም እንዲሁ ናት። ቀኗ 14 ሰዓት ያህል ሲደርስ ትቀሰቀሳለች፤ ሲያጥር ትቀዘቅዛለች፣ ላባዋም ይወርዳል።

የቀን ርዝመት ጉዳይ በሁሉም አገር እኩል አይደለም። በኒውዮርክ ግዛት የሰኔ ቀን ከ15 ሰዓት ሲያልፍ የታኅሣሥ ቀን 9 ሰዓት ያህል ነው። በአዲስ አበባ በረጅሙና በአጭሩ ቀን መካከል ያለው ልዩነት አንድ ሰዓት ገደማ ብቻ ነው። ስለዚህ የኢትዮጵያ ዶሮ ባንድ ወቅት ተሰብስባ ላባ የምትጥልበት ምክንያት የላትም፤ የእሷ ዓመት የሚመራው ይልቅ በዝናቡ፣ በአዝመራውና በጫጩቶቿ ነው። በ1950ዎቹ የጅማና የዓለማያ የግብርና ትምህርት ቤቶች ነጭ ሌግሆርንና ሮድ አይላንድ ሬድ ሲያስገቡ፣ እነዚህ ዶሮዎች የመጡት በረጅም ቀን ከተመረጡ መንጋዎች ነው። የቢሾፍቱ አካባቢ እርባታዎች ማታና ንጋት ላይ አምፖል የሚያበሩት 12ቱን ሰዓት ወደ 16 ለማድረስ ነው።

ብርሃን ዕረፍቱን ያዘገያል እንጂ አያጠፋም። ከ12 እስከ 14 ወር ከጣለች በኋላ ዶሮዋ ትደክማለች፤ ቅርፊቱ ይሳሳል፣ የሚሰበረው ይበዛል። አርቢው ሁለት ምርጫ አለው፦ ሸጦ አዲስ ቄብ መግዛት፣ ወይም ማሳረፍ። የአሜሪካ አርቢ እስከ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ድረስ በአብዛኛው ይሸጥ ነበር፣ አሮጌ ዶሮ የሾርባና የወጥ ሥጋ ሆና ጥሩ ዋጋ ታወጣለችና። በ1930ዎቹ በዋሽንግተን ግዛት በግዳጅ ላባ ማስጣል ተሞክሮ ጥቂት ተከታይ አግኝቷል። ሚዛኑን ያዛባው የሥጋ ዶሮ ነው። ከ1940ዎቹ በኋላ በጥቂት ሳምንት የሚደርስ፣ ደረቱ የሰፋ የሥጋ ዝርያ ገበያውን ሲሞላ የአሮጌ ጣይ ዶሮን ሥጋ የሚፈልግ እየጠፋ ሄደ። በመጨረሻ ዶሮዎቹን ለማስወገድ ራሱ አርቢው የሚከፍልበት ጊዜ መጣ። ቄብ አሳድጎ ለእንቁላል ማድረስ ደግሞ አምስት ወር የሚጠጋ መኖ ይፈልጋል። ያለችውን ዶሮ አሳርፎ ዳግመኛ ማስጣል አዋጭ ሆነ፤ በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቤል ሒሳቡን ቀምሮ ለአርቢዎች ካስተማሩት ስመ ጥሩው ነው።

አሠራሩ ከቫን ድሬሰር ይልቅ ጥብቅ ነበር። መብራቱ ወደ 8 ሰዓት ይቀነሳል፤ መኖው ሙሉ በሙሉ ይቋረጣል። ርዝመቱ ይለያያል፤ አምስት ቀንም፣ አሥር ቀንም፣ ሁለት ሳምንትም ሊሆን ይችላል። መለኪያው ክብደት ነው፤ ዶሮዋ ከሰውነቷ ከ25 እስከ 35 በመቶ እስክትቀንስ ይጠበቃል። እንቁላል በሳምንት ውስጥ ይቆማል። ከዚያ የተከካ እህል፣ ቀጥሎ የጣይ መኖ፣ ብርሃኑም ወደ ቦታው። በመቶ ሺህ የሚቆጠር መንጋ ባንድ ቀን አርፎ ባንድ ሰሞን ይነሣል። ያለዚህ በ75 ወይም በ80 ሳምንት ዕድሜዋ የምትወገደው ዶሮ እስከ 105 እና 110 ሳምንት ትጥላለች። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከአሜሪካ ጣይ መንጋዎች አብዛኞቹ በዚህ መንገድ ያልፉ ነበር።

ዘዴው መጀመሪያ የተፈተነው ከጭካኔው ይልቅ በበሽታ በኩል ነው። በ1980ዎቹ ሳልሞኔላ ኢንቴሪቲዲስ የተባለው ባክቴሪያ በጤነኛ እንቁላል ውስጥ ገብቶ በአሜሪካና በብሪታንያ ብዙ ሰው አሳመመ። በጆርጂያ አቴንስ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪ ፒተር ሆልት በ1990ዎቹ የተራቡ ዶሮዎችን ከጠገቡት ጋር አነጻጸረ። የተራበችው ዶሮ እጅግ በትንሽ ባክቴሪያ ትያዛለች፣ ከኩሷ ጋር የምታወጣውም ይበዛል፣ ወደ ጎረቤቷም ቶሎ ታስተላልፋለች። ረሀቡ የመከላከል አቅሟን ያዳክማል፤ በአንጀቷ ያሉ ጠቃሚ ባክቴሪያዎችንም ያመናምናል። የእንስሳት መብት ተሟጋቾች ለዓመታት ሲጮኹ ያልሰማ ሁሉ አሁን ጆሮውን ቀሰረ።

በ2000 ማክዶናልድስ መኖ እያቋረጡ ላባ ከሚያስጥሉ አቅራቢዎች እንቁላል እንደማይገዛ አስታወቀ። ሕግ ያላደረገውን ትልቅ ገዢ አደረገው ቢባል ስህተት አይሆንም፤ የአሜሪካ እንቁላል አምራቾች ማኅበር በመመሪያው ከጥር 2006 ጀምሮ መኖ ሳይቋረጥ የሚደረገውን ብቻ ፈቀደ። በአውሮፓ ኅብረት መኖ ማቋረጡ ቀድሞ የተከለከለ ነበር። የሕንድ የእንስሳት ደኅንነት ቦርድም በ2011 በማስራብ ላባ ማስጣል የአገሪቱን የእንስሳት ጭካኔ ሕግ ይጥሳል አለ።

ምትኩን ያገኙት የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ያሳተሙት ሥራ በጣም ቀላል ነገር ላይ ያርፋል፤ እሱም የስንዴ ፉርሽካ ነው። ዶሮዋ እስክትጠግብ ትበላለች፣ ግን ጉልበቱና ካልሲየሙ ለእንቁላል አይበቃም። ቧንቧዋ ይሟሽሻል፣ ላባዋ ይወርዳል። የሚወስደው ቀን ትንሽ ይረዝማል፤ ውጤቱ ግን ከማስራቡ ብዙ አይርቅም። ለሰባ ዓመት አስፈላጊ ነው ሲባል የኖረው ረሀብ አስፈላጊ አልነበረም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ሒሳቡ ሌላ ነው። አሮጌ ጣይ ዶሮ እዚህ ዋጋዋ አይወድቅም፤ ለእንቁጣጣሽ፣ ለገና ወይም ለፋሲካ ገበያ በሕይወቷ ትሸጣለች፤ ለዶሮ ወጥ ከአበሻ ዶሮ ብታንስም ገዢ አታጣም። አርቢው መንጋውን የሚያወጣበትን ቀን ከበዓል ጋር ካገጣጠመ የአዲስ ቄብ መግዣ የተወሰነውን ክፍል ከዚያው ያገኛል። በሌላ በኩል ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ በእነዚያ ሳምንታት የእንቁላል ፍላጎት ይወርዳል፣ ዶሮን አሳርፎ ወደ መጣል ለመመለስ የሚያስፈልገውም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ያህል ነው። መገጣጠሙ ያጓጓል፤ ከበዓል ገበያ ዋጋ ጋር ሲመዘን ግን ማሳረፉ የሚያዋጣው ቄብ ሲጠፋ ወይም ሲወደድ ነው።

ቄብ መጥፋት በአሜሪካም የቆየውን ዘዴ ይመልሰዋል። በ2015 የወፍ ጉንፋን ወደ 50 ሚሊዮን የሚጠጉ ዶሮዎችንና ተርኪዎችን ሲፈጅ፣ ከ2022 ጀምሮም ሲደጋገም፣ የተረፉ መንጋዎችን አሳርፎ ማቆየት እንደገና ተፈላጊ ሆነ። ዝርያ አምራች ኩባንያዎች ግን የሚሄዱት በተቃራኒው ነው። በ1950 የአሜሪካ ዶሮ በአማካይ 170 ያህል እንቁላል ትጥል ነበር፤ ዛሬ ወደ 300 ተጠግታለች። የእነሱ ግብ ምንም ሳታርፍ እስከ 100 ሳምንት ዕድሜዋ 500 እንቁላል የምትጥል ዶሮ ናት፤ አንዳንድ መንጋዎችም እዚያ ደርሰዋል። ዕንቅፋት የሚሆነው ከእንቁላሉ ቁጥር ይልቅ አጥንት ነው። ቅርፊት በሌሊት ሲሠራ የመኖው ካልሲየም ካልበቃ ከአጥንቷ ይወሰዳል፤ በዕረፍቱ ወራት ይጠገን የነበረው አጥንት መጠገኛ ጊዜ ስላጣ የደረቷ አጥንት ይሰነጠቃል። ስለዚህ አራቢዎቹ አሁን ከእንቁላሉ ቁጥር ጎን የቅርፊትና የአጥንት ጥንካሬን እየለኩ ይመርጣሉ፤ በመኖው በኩልም ካልሲየሙን በደቀቀ ዱቄት ሳይሆን ጎላ ጎላ ባለ የኖራ ድንጋይ ጠጠር መልክ ማታ ማታ መስጠት ተለምዷል፤ ጠጠሩ ሌሊቱን ሙሉ በጨጓራዋ ውስጥ ቀስ እያለ ስለሚሟሟ ከአጥንቷ የሚወሰደው ይቀንሳል።